የተገዘተው ጎመን

የሺወርቅ ያን ክረምት ለአማቷ ያበሰለችውን ወጥ ሁሉ በውሸት አጣፈጠችው። ዘይት ከየት ይምጣ? በርበሬስ? ቤቷ ውስጥ የነበረው ነጭ ሽንኩርትና ውሸት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም አልሰሰተችም።

አማቷ ቄስ ተክለ ማርያም ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ፣ ወንዝ ዳር፣ ጥቁር መሬት ነበራቸው። ድንጋዩን በእጃቸው ለቅመው፣ ፍጉን በጀርባቸው ተሸክመው ያለሙት ነው። ደርግ መጥቶ መሬት ለአራሹ ሲል አልደነገጡም፤ አራሹ እኔ አይደለሁም ወይ አሉ። ኋላ የአምራቾች ማኅበር ሲቋቋም ግን መሬቱ ከነፍጉ የማኅበሩ አትክልት ቦታ ሆነ። በስብሰባው ላይ «ይሁን» ብለው መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። እኒህን ሰው ከፊደል እስከ ቅዳሴ ያስተማሯቸው ደግሞ ቄስ ተክለ ማርያም ራሳቸው ነበሩ።

ሽማግሌው ያን ቀን መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡና በሰው ሁሉ ፊት ገዘቱ። «ከዚህ መሬት የበቀለውን የበላ፣ እኔው ካልፈታሁት በቀር የታሰረ ይሁን!» የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳቀ። ሌላው ሰው ግን አልሳቀም፤ ግዝት ቀልድ አይደለም። ይሁንና ሆድ ባዶ ይጠላል። ዓመት ሳይሞላ ደብሩ በሙሉ ከዚያ መሬት በላ፤ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ኋላ በጨው።

ያልበላው የቄሱ ቤት ብቻ ነበር። የየሺወርቅ ባል ደምለው፣ የሽማግሌው አንድ ልጅ፣ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ቤት የቀሩት ሽማግሌው፣ እሷና ሁለቱ ልጆቿ ገበያነሽና ያርጋል ናቸው። በማኅበሩ እርሻ መሥራት ግዴታ ስለሆነ ሽማግሌው አረሙን አልከለከሏትም። «እጅሽ ይሥራ፤ አፍሽ ግን አይንካ» ነበር ያሏት። እሷም አልነካችም፤ ሐምሌ ገብቶ ገብሱ አልቆ የጎታው ታች እስኪታይ፣ ትንሹ ያርጋልም የምድጃ አፈር ሲልስ በዐይኗ እስክታየው ድረስ።

በማግሥቱ ከአረም በኋላ ከሴቶቹ ጋር ተሰለፈች። ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ሰፍረው ሰጧት። የገዛ ቤቷን መሬት ፍሬ ከሰው እጅ ስትቀበል ደሟ ፈላ፤ ግን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ቤት ስትገባ ሽማግሌው መደብ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«ይህ ከየት መጣ?» አሏት።

«ሸጊቱ ልካልኝ ነው፤ ከዳባት፣ ከጓሮዋ።»

ሸጊቱ ታላቅ እህቷ ናት። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «እግዜር ይስጣት። ዘመድ እንዲህ ነው» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ከየሺወርቅ ቤት ጭስ አልጠፋም። ጎመኑን አድቅቃ ከትፋ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው፣ በራሱ ውሃ ታበስለዋለች። ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅላ በተቆላ ተልባ ትለውሰዋለች። ከገብስ ቂጣ ጋር ስታቀርበው የልጆቿ ጉንጭ ሲመለስ ታያለች፤ ለእሱ ስትል ሲኦልም ትገባ ነበር። የሚከብዳት የሽማግሌው ነው። ለልጆቹ ሰጥታ እሳቸውን እንዳትከለክል ሌላ የምትሰጣቸው የለም። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ልጆቹም አይበሉም። ኃጢአቱ የእኔ ነው እያለች ታቀርብላቸዋለች፤ እሳቸውም ባርከው ይበላሉ።

«የኔ መሬት ብቻ ነበር ጎመን እንዲህ የሚያጣፍጥ የሚመስለኝ» አሉ አንድ ቀን፣ ሳህኑን በቂጣ እየጠረጉ። የሺወርቅ እሳቱን ቆሰቆሰች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህኛው እውነት ግን ጥቂት ቢዘገይ ምን ነበረበት! ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት ሸጊቱ ወደ ደባርቅ ገበያ መጥታ ሳለ ወደ እህቷ ቤት ጎራ አለች። የሺወርቅ አረም ላይ ነበረች። የዕለቱን ድርሻ በጀርባዋ አዝላ ስትመለስ የእህቷን ድምፅ ከውስጥ ሰማችና ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ባዶ እጄን መጣሁብዎ፣ አባቴ። እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን ባዶ እጅ ትያለሽ! ይህን ክረምት ያወጣሽን አንቺ አይደለሽም ወይ? ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ! ስምሽን በጸሎቴ ሳላነሣ የዋልሁበት ቀን የለም፣ ልጄ።»

«የቱ ጎመን፣ አባቴ? የኔን ጓሮ ሐምሌ መግቢያ ላይ በረዶ መትቶት ቅጠል አልቀረልኝም። እኛስ ሳማ ቀቅለን ነው የምንበላው።»

የሺወርቅ መሸሽ ትችል ነበር፤ ግን ወዴት? ጎንበስ ብላ ገባች። ሽማግሌው ሸክሟን አዩት፤ ከቅርጫቱ ጠርዝ የወጣውን የጎመን ቅጠል ተመለከቱት።

«አውርጂው፤ ከባድ ነው» አሉ።

አወረደችው።

«ልጆቹም በሉ?»

«ለነሱ ብዬ እኮ ነው፣ አባቴ።»

«እኔም?»

የሺወርቅ እግራቸው ላይ ወደቀች። ይረግሙኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልረገሟትም። ልጆቹን አስጠርተው ከጎኗ አንበረከኳቸውና መስቀላቸውን በየግንባራቸው አሳረፉ። «ሳላውቅ አስሬያችኋለሁ። እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አሉ። እሷ ከሸክሙ ሁሉ የተገላገለች መስሏት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሸጊቱም ምን እንዳጠፋች ሳይገባት አብራት አለቀሰች።

ራት ሲቀርብ ግን ሽማግሌው ሳህኑን በእጃቸው ጀርባ ገፉት።

«እናንተ ብሉ። እኔን የፈታኝ የለም።»

«ራስዎ ያሰሩትን ራስዎ አይፈቱትም?»

«ቄስ የሌላውን እንጂ የራሱን አይፈታም። የዚህ ደብር ቄስ ሁሉ ደግሞ ከዚያ መሬት ይበላል። ከገዘተው በቀር የታሰረ የታሰረን እንዴት ይፈታል?»

«እንግዲያውስ ከዳባት ቄስ ላምጣ።»

«የገዘትሁት በደብሬ ፊት ነው፤ የሚፈታኝም የደብሬ ቄስ ነው። ተደብቄ የበላሁት ይበቃል፤ ተደብቄ አልፈታም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጭብጥ ቆሎና ውሃ ሆነ ምግባቸው። የቆሎውም ገብስ እያለቀ ሲሄድ «ለልጆቹ ይሁን» እያሉ መለሱት። የሺወርቅ የምታበስለው የጎመን ሽታ ሲያሰቃያቸው ታያለች፤ በሰፈሩ እህል ያለው ሰው እንደሆነ የለም። አጥንታቸው በነጠላቸው ሥር ሲቆጠር እያየች ቀኑ መሸ ነጋ።

መውጫው እኮ አለ! ለማየትም ሊቅነት አይጠይቅም። ሽማግሌው ቄስ ሀብተ ሚካኤልን ይፈታሉ፤ የተፈቱት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ደግሞ ሽማግሌውን ይፈታሉ። ሁለት ቃል ነው። የሺወርቅ ጭቃውን እያቦካች ቄስ ሀብተ ሚካኤል ቤት ሄደች። ሊቀ መንበሩን ፈርተው እምቢ ይላሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን ሰምተው ሳይጨርሱ ጋቢያቸውን አነሡ።

«ቅዳሴ በገባሁ ቁጥር ቁርባኑን ለመንካት እፈራለሁ» አሏት በመንገድ ላይ። «ስበላ ግዝቱን እረሳዋለሁ፤ መቅደስ ስገባ ትዝ ይለኛል።»

የሽማግሌው ደጃፍ ላይ፣ ዝናቡ በጀርባቸው እየወረደ፣ ተንበረከኩ። «አባቴ፣ በድያለሁ። ይፍቱኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዝናቡ ጋቢውን አርሶ እስኪያንጠባጥብ ድረስ ቄስ ሀብተ ሚካኤል አልተነሡም። የየሺወርቅ ትዕግሥት አለቀ። «አባቴ፣ እኔን ፈትተዋል! የዋሸሁዎትን፣ በገዛ እጄ ያጎረስሁዎትን! ለኚህ ሰው አንዲት ቃል ምን ይገድዎታል?»

«አንቺን ያሰርሁሽ ሳላውቅ ነው» አሉ ሽማግሌው ወደ ግድግዳው። «እሱን ያሰርሁት ግን አውቄ ነው።»

በዚያች ሰዓት ጠላቻቸው። መሬቱን የወሰደው ደርግ ነው፣ እጁን ያወጣው ተማሪያቸው ነው፣ የዋሸችው እሷ ናት፤ የሚሞቱት ግን እኚህ ሽማግሌ ናቸው፣ በገዛ ምላሳቸው፤ እሷም ቁጭ ብላ ታያለች። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ተነሥተው ሲሄዱ አልሸኘቻቸውም።

ሽማግሌው ጳጉሜን ውስጥ፣ ሰማዩ መጥራት ሲጀምር፣ ሞቱ። ፍትሐቱን ያደረሱት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ናቸው፤ ሌላ ማን አለ? «ነፍሱን ይፍታ» የሚለውን ቃል ሳይጨርሱ አለፉት፤ ከዲያቆኑ በቀር ያስተዋለ አልነበረም።

መቃብር የቆፈረ ሰው ሳይበላ አይሸኝም። የሺወርቅ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ቤት ያለውን ድርሻ በሙሉ ጣደችው፤ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት፣ ድንቹን በተልባ። ለልጆቹ ከቀረችው ገብስ ቂጣ በቀር ሌላ የምታቀርበው አልነበራትም። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ማዕዱን ባረኩ፤ ቂጣ ቆርሰው ጎመኑን ጠቀለሉ፤ ወደ አፋቸው አስጠጉና ተገቱ። ዓመታት ሙሉ ከዚያ መሬት የበሉ ሰው ናቸው።

«ይብሉ እንጂ፣ አባቴ» አለቻቸው የሺወርቅ።

«የሚፈታኝ ሞተ እኮ» አሉ በዝግታ። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱትና እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉ።

የሺወርቅ የሚያዝንላቸው አንጀት ፈለገች፤ አላገኘችም። ሳህኑን ከፊታቸው አንሥታ ለልጆቿ አቀረበችው። «ብሉ፤ እናንተ ተፈታችኋል» አለቻቸው። ገበያነሽና ያርጋል ተሻሙበት። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ጠቅልላ ጎረሰች። ጎመኑ እንደ ወትሮው ይጣፍጥ ነበር፤ ያን ቀን ያስለቀሳት እሱ ነው።