በሳር አጫጁ በር

ነጭ ነበር አጥሩ። ነጭ፣ ረጅም፣ ከጀርባዬ የማይጠፋ...

የሜዳው ዳርቻ ነበር ቦታዬ፤ ርቃ የተመታችውን ኳስ ሮጬ ከሰማይ የምቀልብበት። ቤዝቦል እንጀራ መሆን በጀመረበት ዘመን ከኦክላሆማ ወደ ኦሃዮ በባቡር መጣሁ። በእናቴ ቸሮኪ ነኝ፤ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ወገን።

ስሜ ኢላይ ነው። ተመልካቹ ግን "የጎሳው አለቃ" ይለኝ ነበር። ስቀልብ ይጮኻል፤ ስስት ይጮኻል፤ በወገኖቼ ለማላገጥ አፉን በመዳፉ እየመታ ይጮኻል...

ከኋላዬ አጥር፣ ከፊቴ ጩኸት።

ለአንድ ዓመት የፈረምኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የቡድኑ ባለቤት ካልለቀቀኝ ሌላ ቡድን አይቀጥረኝም። አምስት ዓመት አለፈ። ልቀቁኝ አልኩ፤ አልለቀቁኝም።

በአምስተኛው ክረምት የእህቴ የሌያ ደብዳቤ መጣ። "እማማ ታማለች። አንተን ትጠራለች። ቶሎ ና።"

ለአሰልጣኙ ለሃርገን ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈው።

"ቅዳሜ ሰው የሚመጣው አንተን ለማየት ነው። ለተመልካቹ ያሠራነውን የላባ ዘውድ አድርገህ ትገባለህ። የዓመቱ ጨዋታ ሲዘጋ፣ በመስከረም ትሄዳለህ።"

"እናቴ እስከ መስከረም አትቆይም።"

"ከሄድክ የትም አትጫወትም" አለኝ። በቀስታ ነበር ያለው፣ እንደሚመክር ሰው።

ያን ዘውድ እኛ ዘንድ ማንም አድርጎት አያውቅም። አያቴ የሚጠመጥመው ሻሽ ነበር። ቅዳሜ ግን አደረግሁት... ስሜ ኢላይ ነው፣ እያልኩ በልቤ።

ከኋላዬ አጥር፣ ከፊቴ ጩኸት።

በስድስተኛው ዙር ኳሷ መጣች። ሮጥኩ፤ ትከሻዬ አጥሩን እስኪመታ ሮጥኩ፤ ቀለብኳት። ጩኸቱ ተነሳ። ኳሷን አጠገቤ ለሚጫወተው ለዶይል አቀበልኩት።

"ወዴት ነው?" አለኝ።

"እናቴ ጋ።"

አሰልጣኙን አየ፤ እኔን አየ። "ሂድ። ያንተንም ቦታ እጠብቃለሁ።"

አጥሩ ላይ ሳር አጫጁ የሚገባባት ትንሽ በር ነበረች። ገፋኋት፤ ተከፈተች። ቁልፍ አልነበራትም። አምስት ዓመት ሙሉ ቁልፍ አልነበራትም...

ሃርገን ቃሉን ጠበቀ፤ ከዚያ ወዲያ የተቀበለኝ ቡድን የለም።

ሁለት ቀን በባቡር፣ ግማሽ ቀን በእግር። በዚያው በጨዋታ ልብሴ ገባሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ዓይኗ ነው።

"አሸነፋችሁ?" አለችኝ።

"አላውቅም እማማ። ሳያልቅ ወጣሁ።"

ኳስ ሰብሯቸው የጠመሙ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰች። ከዚያ ብረት ጥርስ ያለውን ጫማዬን አየችው።

"አውልቀው" አለች። "ወለሉን ትቧጭርብኛለህ።"