የግንዛቤ ማነስ

"የሴት ተማሪዎቹ ችግር፣" አሉ አቶ ውበቱ ከቡድናቸው መሀል ተነሥተው፣ "ባጭሩ የወላጆች የግንዛቤ ማነስ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወላጅ ሴት ልጁን አልላከም።"

መምህር አስረስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና "የግንዛቤ ማነስ" ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሳጂዳ ጥርሷን ነከሰች።

ሐይቅ ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ ቅዳሜና እሁድ የሚማሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ክፍሉ ትልቅና ትንሽ የተቀላቀለበት ነው። አቶ ውበቱ አምባሰል ውስጥ ለረጅም ዘመን አስተምረው አሁን ዲግሪ ሊይዙ የመጡ ሰው ናቸው፤ ሳጂዳ ደግሞ እሳቸው ያስተማሯት ልጅ ናት። ኮሌጁ አምጥቶ አንድ ቡድን ውስጥ አስቀመጣቸው። ከዚያ ተሳትፎ ማርክ አለው ተባለ።

ያስተማራት ሰው አጠገብ ተቀምጦ ምን ዓይነት ተሳትፎ ነው? አፏን ስትከፍት እሳቸው "እሷ ለማለት የፈለገችው" ይሉና ይጨርሱላታል። በአገሯ ደግሞ አስተማሪን ማቋረጥ አባትን ከማቋረጥ አይለይም። ስለዚህ ዝም አለች። መምህር አስረስም ከገጠር የመጡ ሴቶች አይናገሩም ብሎ ደመደመ። ለምን ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቃትም።

ዛሬ ግን ንዴቱ አላስቀምጥ አላት። ጦርነቱ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ደሴ ሸሽቶ ነበር። ሲመለሱ ጓደኛዋ ዑምኩልሱም ቤት ብርድ ልብስ እንኳ አልተረፈም። ትምህርት ሲጀመር ሁለቱ አብረው ሄዱ። ሳጂዳ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ስለሸሸች ተርፎላት ነበርና ገባች። ዑምኩልሱም የእናቷን ቀሚስ ለብሳ ነበርና ከበር ተመለሰች። በማግስቱ ከአባቷ ጋር መጣች፣ አሁንም መለሷት። ከረመዳን በፊት ተዳረች። በሩ ላይ ቆመው የመለሷት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነበሩ፤ እኚሁ፣ ሰው ፊት ቆመው ስለ ወላጅ ግንዛቤ የሚያስተምሩት አቶ ውበቱ።

ሳጂዳ ተነሣች። "እኔ የምለው አለኝ።"

"እሷ ለማለት የፈለገችው—" አሉ አቶ ውበቱ።

"ለማለት የፈለግኩትን አያውቁትም፣ ጋሼ።"

አጠገቧ ያለችው እድላዊት ቀሚሷን ጎተተቻት። "ኧረ ተይ፣ የሁላችንም ማርክ ነው።"

"ወላጅ አልላከም የሚሉት ውሸት ነው፣" አለች ሳጂዳ። "የዑምኩልሱም አባት ወላሂ በሩ ድረስ ይዟት መጥቷል። ዩኒፎርም የላትም ብላችሁ መለሳችኋት። ቤቱ ተዘርፎ፣ እሱ ራሱ የሰው ጃኬት ለብሶ፣ ከየት ያምጣ?"

አቶ ውበቱ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "ልጄ ናት፣ መምህር፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ስሜት ይዟት ነው። አብሽሪ ሳጂዳ፣ ተቀመጪ።"

አልተቀመጠችም።

"መልሰዋታል ወይስ አልመለሷትም?"

አቶ ውበቱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "መመሪያ ነበር፣" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ መመሪያ ነው ያስከበርኩት።"

"እንግዲያው መመሪያ ነው ይበሉ። ድሀ ወላጅ ላይ አይለጥፉ።"

መምህር አስረስ ጠመኔውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። ተማሪው ሁሉ ዓይኑን እሱ ላይ ጥሏል። እሱ ግን ቡድን ያለው፣ ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ቃል ያለው፣ ሥርዓት ያለው ነገር ነው የሚወደው።

"ከአንድ ቡድን የምቀበለው አንድ መልስ ነው፣" አለ በመጨረሻ። "ይህ የቡድኑ ሐሳብ ነው?"

ሳጂዳ ቡድኗን አየች። እድላዊት አንገቷን ደፍታለች። አቶ ውበቱ ቆመው፣ ያስተማረ ሰው ተማሪውን በሚያይበት ዓይን ያዩአታል፤ እንድታፍር የሚጠብቅ ዓይን ነው። አላፈረችም። ያሳፈራት እስከ ዛሬ ዝም ማለቷ ነበር።

"የቡድኑ አይደለም። የእኔ ነው፣" አለች።

ከዚያም ወንበሯን ሲሚንቶው ላይ እየጎተተች ከቡድኑ ክብ አወጣችና፣ ብቻውን ሰሌዳው ፊት አስቀምጣው ተቀመጠች። "ልቀጥል?" ብላ መምህር አስረስን ጠየቀችው፤ መልሱን ሳትጠብቅም ቀጠለች።