ፊትህን አዙር

የባንድሶ ምላጭ የሚሸጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መናገር ያለበት አንድ ነገር አለ፤ «ስትፈታው ፊትህን አዙር።» በማሽን መንኮራኩር እየዞረ እንጨት የሚሰነጥቅ አምስት ሜትር ጥርሳም ብረት ሦስት ዙር ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሮ ስታዩት የተኛ እንዳይመስላችሁ። ሽቦው የተፈታ ለታ ወደ ክቡ ልመለስ ብሎ ይዘላል፤ ጥርሱ ያገኘውን ነገር ይዞ ነው የሚሄደው። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሳልናገር አንድም ምላጭ ከሱቄ አልወጣም። አንዱ አናጢማ «ምን አጠፋሁና ነው ፊትህን አዙር የምትለኝ?» ብሎ ተቀይሞ ሊወጣ ሲል በር ላይ ይዤ ነው ያስረዳሁት። እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ይስቅብኛል።

ታናሽ እህቴም ሥራውን የተማረችው ከኔው ነው። ካገባች ወዲህ የባሏን የእንጨት መሰንጠቂያ ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ነበረች። ምላጩን ትፈታለች፣ መንኮራኩሩ ላይ ትገጥማለች፣ ትወጥራለች። ባልየውን ሰፈርተኛው «ግንዲላው» ነው የሚለው፤ በበር ሲገባ በጎን ነው የሚገባው። አሥራ ሁለት ዓመት የባንድሶ ባለቤት ሲሆን አንዲት ምላጭ በእጁ ፈትቶ አያውቅም። «እሱ የሚስቴ ሥራ ነው» ይላል፣ ሳህን ማጠብ ይመስል። አይ ጥጋብ!

የዚያን ቀን ጠዋት ሱቅ ከፍቼ፣ ጫፍና ጫፉን የበየድኩትን አዲስ ምላጭ ጠቅልዬ ባንኮኒው ላይ እንዳስቀመጥኩ እህቴ ገባች። ግራ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ በደም ርሷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምላጩ ከመንኮራኩሩ ወጣ፤ አላልተሽ ገጥመሽው ነው አለኝ» አለች። ከንፈሯ ደርቋል። «መልሼ ገጠምኩት። ማሽኑን አስነሳና እጄን ያዘኝ። ጋሼ፣ ወደ ምላጩ ገፋው እኮ! እያወቀ ገፋው። ስንታገል ምላጩ ተበጠሰ እንጂ እጄን በሙሉ ይወስደው ነበር።»

ጨርቁን ገለጥ ሳደርገው አውራ ጣቷ የለም። መጋዝ ያስተማርኳት እኔ፣ ለሱ የዳርኳትም እኔ! ደሜ ፈላ፤ የብረት መፍቻ አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«ተው፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰደኝ» አለችኝ። «እሱ እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም። ምላጭ የሚገጥምለት ሰው የለውም። ከወሰደኝ ደግሞ ቀኙንም አይተውልኝም።»

እጇን በንጹሕ ጨርቅ አስሬላት ሳልጨርስ በሩን በእርግጫ ከፍቶ ገባ።

«ተነሽ! ሥራ ቆሟል» አላት፣ እኔን ዞር ብሎም ሳያየኝ።

«እህቴን ንካና ዋ!» አልኩት።

«አንተ ምላጭ ቸርቻሪ ደግሞ አፍ አወጣህ?»

በመፍቻው ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። አልተነቃነቀም። ቡጢው አፌ ላይ ሲያርፍ ሁለት ጥርሴ ወለቀ፤ አንስቶ ከመደርደሪያው ጋር አላተመኝና የምላጭ ካርቶን በላዬ ተናደ። ጎኔን እየደጋገመ ረገጠኝ። ከዚያ እህቴን በፀጉሯ ይጎትታት ጀመር። እሷ በደህና እጇ የባንኮኒውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ አልለቅ አለች። ጣቶቿን በክርኑ ደበደባቸው፤ አሁንም አልለቀቀችም።

«አልሄድም! ግደለኝ እንጂ አልሄድም!»

«እንግዲያው ቆዳሽን ልግፈፈው!» አለና ባንኮኒው ላይ የነበረውን አዲሱን ምላጭ አነሳ። ሊገርፋት ነው። ሽቦውን በጣቶቹ መጠምዘዝ ጀመረ።

እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ አየሁት። አፌን የሞላውን ደም ተፋሁ። ፊቱ ከብረቱ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ሽቦው አንድ ዙር ተፈታ፤ ሁለተኛው ተፈታ። እህቴ ባንኮኒውን ለቃ ወደ ግድግዳው ሸሸች፤ ያኔ ጮኸች።

«ፊትህን አዙር!»

ቀጥ አለ። «እኔን ነው?» አለ። «እኔን ነው ፊትህን አዙር የምትዪኝ? ማን ነሽና ነው የምታባርሪኝ?»

ዓይኑን እሷ ላይ እንደተከለ ሽቦውን መንጭቆ አወጣው።

ብረቱ ጮኸ። ከቅንድቡ እስከ አገጩ ተተለተለ፤ ግራ ዓይኑ እዚያው ጠፋ። እንደ በሬ እያጓራ ወደቀ፤ ምላጩ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሲንፈራገጥ ይብስ እየቆረጠው ሄደ። ከላዩ ላይ ያነሳችለት እሷ ናት፣ በዘጠኝ ጣቷ፣ ፊቷን አዙራ።

ሐኪም ቤት ሦስታችንም በአንድ መኪና ሄድን። በነጋታው እሱ ካልጋው ላይ በቀረችው ዓይኑ አፈጠጠባት።

«እንደሚዘል ታውቂ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ» አለችው፤ ወጣች። እሱ ቤት ዳግመኛ አልገባችም።

አሁን ከኔ ጋር ሱቅ ውስጥ ናት፤ ለገዢው ሁሉ «ፊትህን አዙር» የምትለውም እሷ ናት። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ቃሉን ተናግሬው አላውቅም። አንድ ቀን ምላጭ እየጠቀለለች ድንገት ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አንተ ለምን ዝም አልክ?»

«አፌን ደም ሞልቶት ነበር» አልኳት።

ወለሉን ያጠበችው ግን እሷ ናት። የተፋሁትን ደም አይታዋለች፤ አፌ ባዶ እንደነበር ታውቃለች።