የአያ ገላው ጥይት

ስለ ከርከሮ ሲቀለድ ስጦታው አይስቅም። ይሳቅ እንዴ! ሁለት ክረምት ሙሉ ወደ ዓባይ ቁልቁል ባለችው ማሳው ላይ የዘራውን በቆሎ ከርከሮ በሌሊት እየገለበጠ፣ ጠዋት ሲወርድ የሚጠብቀው የተመጠጠ አገዳና የኮቴ ምልክት ብቻ ነበር። ውሻ ለቀቀበት፤ ውሻውን ዘነጠለው። እሳት አነደደበት፤ ሊሞቅ የመጣ ይመስል ከእሳቱ ጎን ገብቶ ሲበላ አደረ። በመጨረሻ ስጦታው "እንግዲህ ወይ አንተ ወይ እኔ!" አለና የመሣሪያ ፈቃዱን ከወረዳ አውጥቶ ከብቸና ወደ ሞጣ ተሳፈረ።

የሞጣው ሐብታሙ ምላሱ ቅቤ ነው፤ ቃሉን ግን ይጠብቃል። ከሳጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አምስት ጎራሽ ምንሽር አወጣለት፤ ከተሠራ ጀምሮ ያልተተኮሰበት፣ ቅባቱ እንኳ ገና ያልተጠረገ። ስጦታው ሰደፉን ትከሻው ላይ ሲያሳርፍ ልቡ ቅልጥ አለ። ሐብታሙም አይቶታል፤ ሻጭ ምን ያመልጠዋል!

"ጥይቱስ?" አለ ስጦታው፣ ያልተደሰተ ለመምሰል እየሞከረ።

"እሱ ነው ችግሩ። የዚህ ጥይት ከገበያ ጠፍቷል። ግን እናንተ ዘንድ ቀለህ የሚሞሉ አንድ አዛውንት አሉ ይባላል። አያ ገላው የሚሏቸው። እሳቸው የሞሉት ከፋብሪካው ይበልጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"አጎቴ ናቸው" አለ ስጦታው፣ ደረቱ በአንዴ ነፋ ብሎ። "ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው።"

በዚህ ተስማሙ። ሐብታሙ ምንሽሩን ራሱ ይዞ ብቸና ሊመጣ፣ በአያ ገላው ጥይት በምስክር ፊት ሊፈተሽ፣ ከሳተ ይዞት ሊመለስ። "ግን" አለ ሐብታሙ፣ "ደህናውን ዕቃ ስሙን አጥፍታችሁ እንዳትመልሱብኝ። የተመለሰ ጠመንጃ የተፈታች ሴት ማለት ነው፤ ሁሉም ምን አግኝቶባት ነው ይላል።"

አያ ገላው ማለት እንግዲህ፣ በዚያ አገር ሠርግም ይሁን ለቅሶ ጥይት ሲጮህ ሰው ቀና ብሎ "ይቺ የገላው ናት" የሚልላቸው ሰው ናቸው። የተተኮሰ ቀለህ ይሰበስባሉ፤ ያጥባሉ፤ መለኮሻውን ይለውጣሉ፤ ባሩዱን በትንሿ የቀንድ መስፈሪያቸው ሰፍረው አረሩን ይደፍኑበታል። የስጦታው አባት ሲሞት ስጦታው ገና ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ነበር። ወንድማቸውን ቀብረው ሲመለሱ ልጁን በጀርባቸው አዝለው ገቡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ "አባባ" ነው የሚላቸው። ባደባባይ አንድም ቀን ቃላቸውን መልሶባቸው አያውቅም።

የመፈተሻው ዕለት ጠዋት ሊወስዳቸው ሲሄድ ሚስታቸው እማማ ወለተ ገብርኤል አጥሩ በር ላይ ጠብቀው እጁን ያዙት።

"ስጦቴ፣ ትናንት ባሩዱን ሲሰፍሩ አየኋቸው" አሉ በሹክሹክታ። "ግማሹ መደቡ ላይ ነው የፈሰሰው። መስፈሪያዋ ባዶዋን ስትገለበጥ እንኳ አላወቁም፤ አረሩን ደፈኑበትና ከደህናው ጋር ቀላቀሉት።"

ስጦታው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

"እኔ? ባለፈው ዓይንዎ ደክሟል ብላቸው አኩርፈው ከማዕዴ ተነሱ እኮ! አንተም ትንፍሽ እንዳትል፣ በገብርኤል ይዤሃለሁ። ሰው ፊት ካዋረድካቸው ይሞቱብኛል። ብቻ አደራህን፣ ተጠንቀቅ።"

ተጠንቀቅ! በምን ይጠንቀቅ? የትኛው ጥይት ባዶ እንደሆነ በውጭ አይታይ። አልተኩስም እንዳይል፣ የአያ ገላውን ጥይት እምቢ ማለት ከእጃቸው ጉርሻ አልቀበልም ማለት ነው። በዚያ ላይ የሞጣ ሰው ቆሞ እያየ! ስጦታው "እሺ እማማ" ብሎ ገባ። ጥፋቱ እዚያች ላይ ነበር፤ ግን በእሱ ቦታ ማን እምቢ ይል ነበር?

ሐብታሙና ጎረቤታቸው ባየ ቀድመው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ደርሰዋል። ባየ ለምስክርነት የተጠራ፣ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ማዶ ካለው ገደል ሥር በኖራ የተቀባ ድንጋይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዓባይ በኩል የሚነሳው ነፋስ አጥንት ይሰብራልና ሁሉም ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል።

አያ ገላው ጥይቶቹን ከመሐረባቸው ፈተው አንድ በአንድ ለስጦታው አቀበሉት። "እንካ። ትከሻህን አጥብቅ፤ ትንፋሽህን ያዝ፤ የቀረውን ጥይቴ ያውቃል።"

ስጦታው የመጀመሪያውን አጎረሰና ተንበረከከ። ቃታውን ሲስብ ፊቱን እንዳያዞር ከራሱ ጋር ታገለ። ጓ! ገደሉ ተቀብሎ መለሰው። ባየ ሮጦ ሄዶ አየና እየተመለሰ "መሐሉን! እሰይ!" ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ጎን ገባ፤ በአንድ መዳፍ ይሸፈናሉ። ሐብታሙ ፈገግ አለ። አያ ገላው ፈገግ አላሉም፤ የታወቀ ነገር ነዋ።

ሦስተኛውን ሲተኩስ ድምፁ ሌላ ነበር። ጓ አላለም። ፑፍ ብሎ፣ ከመቀርቀሪያው ሥር ቀጭን ጭስ አወጣና ዝም አለ። ትከሻውንም አልመታውም። ማዶ ከድንጋዩ ላይ ምንም አልተነሳም።

ስጦታው ወዲያው ገባው። አረሩ አልወጣም። እዚያው በርሜሉ ውስጥ ተወትፏል። በላዩ ላይ ሌላ ጥይት የተተኮሰ እንደሆነ ብረቱ ተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። አምበር ገበያ ላይ እንዲህ የደረሰበት ሰው አይቷል፤ አንድ እጁና ግማሽ ፊቱ የለም።

"ሳትክ!" አሉ አያ ገላው።

"አባባ… ድምፁ ደስ አላለኝም።"

"ድምፁን ነፋስ ወሰደው። ትከሻህን ሳትገጥም ተኩሰህ ነው።"

ሐብታሙ ጉሮሮውን ጠረገ። "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥይቱ ነው የከሸፈ። ጠመንጃዬ እንከን የለበትም።"

ኧረ ምነው ባልተናገረ! የአያ ገላው ፊት ጠቆረ። "የኔ ጥይት? እኔ ቀለህ ስሞላ አባትህ ሱሪ አልታጠቀም ነበር! ጠመንጃህ ነው የማይረባ። አምጣ ልጄ፣ እኔ ራሴ አሳየዋለሁ።" ምንሽሩን ከስጦታው እጅ መንጭቀው ወሰዱት።

"አባባ፣ ግድ የለም፣ አንድ ጊዜ ዘንግ ላስገባበትና…"

"ዘንግ? በኔ ጥይት ላይ ዘንግ? አንተም ከሱ ጋር ሆንክ?"

መቀርቀሪያውን ስበው ቀለሁን አስፈነጠሩ፤ ከመሐረባቸው ሌላ ጥይት አጎረሱና አቀባበሉ። አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አሳረፉ።

ስጦታው ምን ያድርግ? "ባሩድ ሳይጨምሩ ደፍነውታል" ብሎ በሞጣ ሰው ፊት ይጩህ? የእማማ ወለተ ገብርኤል መሐላ አንቆ ያዘው። ከእጃቸው ይንጠቅ? ጣታቸው ቃታው ላይ ነው፤ ትንሽ ቢነኩት ይተኮሳል። ከዚያ አንድ ነገር ታየው። አባባ በሕይወታቸው ባዶ ጠመንጃ እንኳ ወደ ሰው አዙረው አያውቁም። ሕፃን ሳለ በዱላ አነጣጥሮባቸው ገርፈውታል። ከፊታቸው ሄዶ ቢቆም ያወርዱታል። ማንም ሳይዋረድ፣ ክፉ ቃል ሳይወጣ ያልቃል። እሳቸው ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ።

ዞሮ ከአፈሙዙ ፊት፣ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። ነጭ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ዓይን ዓይናቸውን አያቸውና ጠበቀ።

አያ ገላው አላወረዱትም። ለማነጣጠር ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስጦታው የቀኙን ያየው ያን ጊዜ ነው። በቅርብ፣ በፀሐይ ብርሃን። ሞራ ውጦታል፤ እንደ ወተት ስልባቦት ነጭ ነው። ሰውዬው የሚሄዱት፣ የሚበሉት፣ ሰው የሚለዩት ሁሉ በግራው ነበር፤ እሱን ደግሞ ሲተኩሱ ይጨፍኑታል።

የአያ ገላው ፊት በርቶ ነበር። "አሃ!" አሉ። "አየሁት! ነጩን አየሁት! እንዴት ያለ ጥርት ብሎ ነው የታየኝ እባካችሁ!"

ጣታቸው ቃታው ላይ መታጠፍ ጀመረ። ስጦታው ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። እግሩም አልታዘዝ አለው። ባየ "ኧረ በሥላሴ!" ብሎ ጮኸ።

"ዝም በሉ! አታንቀጥቅጡኝ!"

"አባባ!" አለ ስጦታው በመጨረሻ፤ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ወጣ። "አባባ፣ እኔ ነኝ!"

"የት?" አሉ አያ ገላው፤ ምንሽሩ ደረቱ ላይ እንደተደገነ ነው።

"ፊትዎ! አፈሙዙ ፊት ነኝ፣ አባባ!"

ግራ ዓይናቸውን ገለጡ። አዩት። አፈሙዙ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ፤ ጣታቸውን ከቃታው ማንሳት ግን አቃታቸው፤ ሐብታሙ ነው መጥቶ በቀስታ አንድ በአንድ ያላቀቀው። ስጦታው መሬት ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነበር፤ በእሳቸው፣ በእማማ፣ በራሱ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ ማን እንዳየውም ግድ አልሰጠውም።

ሐብታሙ ጥይቱን አውጥቶ የመወልወያውን ዘንግ በአፈሙዙ ሰደደ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። በድንጋይ ቀስ እያለ ሲመታው የተወተፈው አረር ወደ ኋላ ሸሽቶ ዱብ አለ። አያ ገላው እጃቸውን ዘረጉ፤ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። በጣታቸው አገላበጡት።

"ጠመንጃህ ንጹሕ ነው፣ ልጄ" አሉ ለሐብታሙ። ለሁሉም እንዲሰማ ጮክ አድርገው ነው ያሉት። "ሞጣም ስትገባ እንዲሁ በል። የገላው ጥይት ነው የከሸፈው በል። ደግሞም ድምፁን ሰምቼው ነበር። ጆሮዬ ደህና ነው። አረሩ እንዳልወጣ አውቄያለሁ። ሰው ፊት አፍሬ ነው።"

"ኧረ አባቴ፣ ይተዉት…" አለ ሐብታሙ።

"ስጦታው፣ ና ወዲህ።"

ስጦታው ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ሄደና ከፊታቸው በርከክ አለ። አያ ገላው እጃቸውን ሰደዱ። ጋቢውን አገኙት፤ በመዳፋቸው እየዳበሱ ወርደው ደረቱ ላይ፣ ልቡ ከሚመታበት ላይ ቆሙ።

"ይኸ ነው ነጩ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"መሐሉን ይዤው ነበር እኮ" አሉ። "እንዲህ አድርጌ ካነጣጠርኩ ስንት ዘመኔ! ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። ልገድልህ ስል ደስ ብሎኝ ነበር።"