ያው ባቄላ

1.

«አትጫኚ።»

2.

ይህን ያሉት ሲስተር ፀዳለ ናቸው። ሠላሳ ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ሬኪ ያስተምራሉ። ሬኪ ከጃፓን የመጣ ነው፤ መዳፍን በሰው ገላ ላይ ቀስ አድርጎ ማሳረፍና ዝም ማለት። ማሸት የለም፣ መጫን የለም። ሕክምናን እንደማይተካም ገና በመጀመሪያው ቀን ይናገራሉ።

የተባለችው ደግሞ ትርንጎ ናት፤ የወጌሻው የአበጋዝ ልጅ፣ ራሷም ወጌሻ። ወለምታ ስታሽ፣ ውልቃት ስትጎትት ለኖረች ሴት «አትጫኚ» ማለት ዓሣን አትዋኝ እንደ ማለት ነው። ለምን መጣሽ ስትባል፣ ሰው በእጄ ሥር ሲጮህ መስማት ሰለቸኝ አለች።

3.

የልምምድ ደብተር። ቀን፣ ቦታ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምን አደረግኩ።

ቀን 1። ጉልበቴ። ቅዝቃዜ። ተጫንኩ።

ቀን 6። ሆዴ። መሰልቸት። ተጫንኩ፤ ትንሽ።

ቀን 19። ትከሻዬ። ሙቀት። ምንም።

ቀን 20። ግንባሬ። አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ምንም።

ያቺን «ምንም» ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ቀላል መስሎት ሞክሮ ነበር፤ በአምስተኛው ደቂቃ ስልኩን አነሣ። እሷ ግን ገፋችበት። በሁለተኛው ወር እግሩ ወልቆ የመጣ አንድ ገበሬ፣ ሳትጎትተው በፊት እጇን አሳርፋ ስትጠብቅ ጊዜ፣ ዛሬ እጅሽን ምን ነካው ብሎ ጠየቃት።

4.

በሲስተር ፀዳለ ቤት አንድ ሕግ አለ፦ የበሽታ ስም መጥራት ክልክል ነው። ደጀን የሚባል ተማሪ አንድን ሽማግሌ ዳሶ ጉበትዎ ታሟል ቢል፣ ሲስተር በዚያው ሰዓት ጫማውን አቀበሉት። «እጅህ ራጅ አይደለም» አሉት። ደጀን ከዚያ ወዲህ አልታየም።

5.

ቀን 61፣ ቅዳሜ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይለማመዳሉ። የዚያን ቀን ግን ሲስተር ራሳቸው ተጋደሙና ትርንጎን ጠሩ። እጇ ከትከሻ ወርዶ ግራ ብብታቸው ሥር ደረሰ።

ባቄላ።

የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ከቆዳ ሥር የተደበቀ ጠንካራ ነገር። ጣቷ ሳታዘው ተጫነ።

«ምን ተሰማሽ?»

«ሙቀት።»

6.

እናንተ አንባቢዎች፣ ምናለ ብትነግራቸው ትላላችሁ። መናገሩማ እንዲህ ቀላል አይደለም። ብትናገር ሕግ አፍርሳለች፣ ጫማዋን ይዛ መውጣቷ ነው። ደግሞስ የሠላሳ ዓመት ነርስን ወጌሻ ምን ብላ ትመክራለች? ዝም ብትል ደግሞ ሴትዮዋ ይሞቱባታል። ፈራች። እንደ ሬኪ ደንብ በየማለዳው የምትለውን «ዛሬ ብቻ ሥራዬን በሐቀኝነት እሠራለሁ» የሚለውን ቃል ትዘልለው ጀመር።

ቀን 62። ሙቀት።

ቀን 63። ሙቀት።

ቀን 64።

ሙቀት።

7.

ቀን 68፣ ቅዳሜ። ሌሎቹ ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ። ቃል በቃል፦

ትርንጎ፦ ሲስተር፣ ብብትዎ ሥር እብጠት አለ። ተጭኜ ነው ያገኘሁት። ጫማዬን ልውሰድ።

ሲስተር ፀዳለ፦ ተቀመጪ።

ትርንጎ፦ ያን ለት ሙቀት ያልኩት ውሸቴን ነው።

ሲስተር ፀዳለ፦ አውቃለሁ። እብጠቱንም ከክረምት በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ትርንጎ፦ ሐኪሙ ምን አለ ታዲያ?

ሲስተር ፀዳለ፦ የቱ ሐኪም?

8.

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ስንቷን ሴት ገሥጸው ወደ ሐኪም የላኩ ሰው፣ ለራሳቸው ሲሆን ፈሩ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ፈሩ። እናታቸው እንዲህ ባለ እብጠት ሐኪም ቤት ገብተው አልወጡም። በየማለዳው መዳፋቸውን እዚያው ያሳርፋሉ፤ አንድ ቀን ያደገ ይመስላቸዋል፣ አንድ ቀን የጠፋ። የገዛ እጃቸው ያባብላቸው ጀመር። ያን ቅዳሜ ትርንጎን የጠሯትም ጣቷ እንደሚጫን ስለሚያውቁ ነበር።

አሁንም ተጋደሙ። ውላቸውንም ተናገሩ፦ እብጠቱ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ካደገ ነገ በመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ፤ ካላደገ ፋሲካን እዚሁ ይውላሉ። ፋሲካ ደግሞ ገና አራት ወር ይቀረዋል። አደገም አላደገም ይሂዱ ብላ ትርንጎ ለመነቻቸው፣ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። አልሰሟትም።

«ያንቺ ጣት አይዋሽም። እሱ ያለውን አደርጋለሁ። ተጫኚ።»

9.

ተጫነች። አባቷ እንዳስተማሯት በሁለት ጣት፣ ዓይኗን ጨፍና። አንዴ ዞረችው። ደገመችው።

ያው ባቄላ።

ቅንጣት አልጨመረም።

አንድ ሳምንት ምንም እንደማያሳይ ታውቃለች፤ ለወራት ዝም ብሎ ከርሞ በኋላ ሰውን የጣለ እብጠት አይታለች። ሲስተር ግን የሚሰሙት አንዲት ቃል ብቻ ነው። እውነቱን ብትናገር አራት ወር ሊቆዩባት ነው። ብትዋሽ ደግሞ፣ ያ ጣት ከእንግዲህ ማንን ሊዳስስ ነው?

ሲስተር ፀዳለ ጣሪያውን እያዩ ይጠብቃሉ። ትርንጎ እጇን አላነሣችም።

«አደገ?»

10.

ትርንጎ ዓይኗን ገለጠችና መለሰች፦

«