ና እናካልል

በእኛ በወሎ ማካለል ማለት መሬት መቁረስ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ባለመሬቶች ገመዱን በዚህና በዚያ ጫፍ ይይዛሉ፤ ሽማግሌ መሃል ይቆማል። ድንጋዩ ከተተከለ በኋላ «ይህን የገፋ አላህ ይግፋው» ይባላል፤ ሁለቱም አሚን ይላሉ። አንዱ ከቀረ፣ ወይም አሚን ካላለ፣ ተካለለ አይባልም። ተማርን የሚሉት አጥር ማጠር ይመስላቸዋል፤ ይሁንላቸው።

ታናሽ ወንድሜ ዐብዱልአዚዝ የአባታችንን መሬት፣ እኔ እዚህ ሻርጃ ጎማ ስቀይር፣ ብቻውን አካለለ። በስልክ «እኩል ነው ወንድምዓለም» አለኝ። እንዴት እኩል እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገረኝም።

መንግሥት የዐረብ አገር ጉዞ ሲያግድ ኤጀንሲዎቹ ተዘጉ። እሱም በቪዚት ቪዛ መጣና ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ እኔው በምከራያት የመኝታ ቦታ፣ ቢድ ስፔሴ ላይ ወደቀ። ሌላ ማን አለው? ፍራሼን ጠጋ አድርጌ የእሱን አነጠፍን። ሻንጣው በየቀኑ ወደ እኔ ትመጣለች፤ በእግሬ እመልሳታለሁ።

አንድ አርብ ጠዋት የካርቶን ፕላስተር አነሳሁ።

«ጫፉን ያዝ። ና እናካልል።»

ሳቀ። «ምኑን? ይቺን ሴራሚክ?»

«ይቺን ሴራሚክ።»

ክፍሉን የሚያከራየን የአዲስ አበባው ሸዋንዳኝ ከአልጋው ቀና አለ። «እናንተ ሰዎች፣ በዚሁ እስከ ዱባይ፣ እስከ ዲራ ድረስ ልትዘልቁ ነው?»

«አንተ ሽማግሌ ነህ፤ መሃል ቁም» አልኩት።

«ገና ሳላገባ ሽማግሌ!» እያለ በቁምጣው መጥቶ ቆመ። ዐብዱልአዚዝም እየሳቀ ጎንበስ ብሎ ጫፉን ያዘ። በሁለቱ ፍራሾች መሃል ለጠፍነው። ዋላሂ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«ይህን የገፋ አላህ ይግፋው። አሚን» አልኩና ጠበቅሁ።

«በል እንጂ አንተ፣ አሚን በልና ልተኛበት» አለ ሸዋንዳኝ።

የዐብዱልአዚዝ ሳቅ ጠፋ። እንደተንበረከከ «ይህን የገፋውን ብቻ ነው?» አለኝ።

«የገፋውን ሁሉ ነው።»

ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳበሰው።

«ልጆች አሉኝ ወንድምዓለም፤ ለእነሱ ይተርፋል» አለ በመጨረሻ።

ሸዋንዳኝ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና ወደ አልጋው ተመለሰ።

ይህን ማመኑን ስንት ዓመት ጠበቅሁት፤ ሲመጣ የምጮህበት ጉልበት አጣሁ። ከሰዓት ደግሞ ሹግል፣ ሥራ አለብኝ። ፕላስተሩን ከነአቧራው ላጥኩት።

«ኸላስ፣ በቃ ተነስ። እዚህም አልተካለለም፣ እዚያም አልተካለለም» አልኩትና ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ። ከሻንጣው ሥር ነበር።