ረጅሙ ኩሽኔታ

«ዲስኩን ገልብጣ ገጥማው ነው» ይላል አጎቴ ስለ እኔ፣ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለመጣ ለሄደው ሁሉ። በሦስተኛው ቀን ሻይ የሚያመላልሰው ሰውዬ ሳይቀር ስለ ፍሪሲዮን ያስተምረኝ ጀመር።

የጡረተኛው መምህር አሮጌ መኪና ካምቢዮዋ ከተቀየረ ወዲህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥም ማርሽ አልገባ ብሏታል። ዲስኩን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን ኩሽኔታ የመረጠው አጎቴ።

«አጎቴ፣ ኩሽኔታው ለዚህ ካምቢዮ አጭር ነው። ፍሪሲዮኑን አይገፋውም። አውርደን እንየው» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ አንብቦ መካኒክ የሆነ የት አይተሻል?»

«ሳያነብ የሆነውንማ ይኸው እያየሁት ነው።»

በዚችው አፌ ከጋራዡ ተባረርኩ። መምህሩም ተስፋ ቆርጠው መኪናዋን አሮጌ መኪና እየፈታታ ለሚሸጥ ብረት ቆራጭ ሸጧት። ሌላ ጋራዥ ሥራ ልጠይቅ ስሄድ ወሬው ቀድሞኝ እየደረሰ፣ መጨረሻዬ ልብስ መሸጥ ሆነ።

በዓመቱ ብረት ቆራጩ ሱሪ ሊገዛ መጣ።

«አጎትሽ ያን ሰሞን ለመምህሩ መኪና ረጅም ኩሽኔታ ፍለጋ እኔ ጋ መጥቶ ነበር» አለኝ፣ ሱሪውን ወገቡ ላይ እየለካ። «አገኘ፣ ለካው፣ ልክ ነው። ከዚያ ‹ይቅር፣ ከዚህ በኋላ ልጅቷን ማን ይችላታል› ብሎ መለሰልኝ።»